ልጄ ‹ስካይሪም› ግዢልኝ ይላል፤ አባቱ ‹ጥንቆላ ነው› ይላል

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። የ14 ዓመት ወንድና የ9 ዓመት ሴት ልጅ አለኝ። ወንዱ ለስዊቹ (ለኒንቴንዶ ጌም ማጫወቻው) ‹ስካይሪም› የሚባል ጌም ካልተገዛልኝ ብሎ ሁለት ወር ሙሉ ነዘነዘኝ። የክፍሉ ልጆች ተጫውተው ጨርሰውታል አሉ። ማሸጊያው ላይ ‹ኤም› የሚል ፊደል አለበት፤ እሱ ግን ‹ማማ፣ እሱን ማንም አያየውም› ይለኛል። ባለቤቴ ግማሽ ደቂቃ ያህል አየና ‹ይሄ ጥንቆላ ነው፣ ቤቴ አይገባም› ብሎ ዘጋው። እስካሁን የሚጫወተው አይፓድ ላይ ‹ገንሺን› የሚባል እንደ ካርቱን የሚያምር ነገር ስለሆነ አሳስቦኝ አያውቅም። ስዊቹ ሳሎን ቴሌቪዥኑ ላይ ነው የተሰካው፤ እህቱም አጠገቡ ቁጭ ብላ ታያለች። እንግሊዝኛዬ ብዙም ስላልሆነ የሚባለውን የሚተረጉምልኝ እሱ ራሱ ነው። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህታችን፣ ከጠየቁን ሳይሆን ካልጠየቁን ነገር እንጀምር። ስካይሪም ገና አልተገዛም፤ ቢዘገይ የሚጎዳው የለም። አይፓዱ ግን ዛሬም በልጅዎ እጅ ነው፤ ከሁለቱ ጌሞች ደግሞ እጁን ወደ ቦርሳዎ መስደድ የሚችለው ያ እንደ ካርቱን የሚያምረው ነው።

ማሸጊያው ላይ ያለችው ፊደል የምትናገረው ዓይን የሚያየውንና ጆሮ የሚሰማውን ብቻ ነው። ፊደሏን የሚሰጠው በ1994 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) የአሜሪካ የጌም ኢንዱስትሪ ራሱ ያቋቋመው ኢኤስአርቢ የሚባል ድርጅት ነው። ‹ኢ› ለሁሉም፣ ‹ኢ10+› ከ10 ዓመት በላይ፣ ‹ቲ› ከ13 በላይ፣ ‹ኤም› ከ17 በላይ ነው። አውሮፓ ያላችሁ የምታዩት በፔጊ ቁጥር ነው፤ 3፣ 7፣ 12፣ 16፣ 18 ይላል። ከፊደሏ ይልቅ ጠቃሚው ከጎኗ በደቃቅ ጽሑፍ የተዘረዘረው ምክንያት ነው። ስካይሪም ላይ ‹ደምና የተቆራረጠ አካል፣ ከባድ ግድያ፣ ወሲብ ነክ ነገር፣ አልኮል መጠጣት› የሚል ይገኛል። ገንሺን ‹ቲ› ነው፤ ዝርዝሩም ‹ምናባዊ ፍልሚያ፣ ስለ አልኮል የሚወራ ነገር› ይላል። ከእሱ ሥር ግን ሁለት ተጨማሪ መስመር አለ፦ ተጫዋቾች እርስ በርስ ይገናኛሉ፣ ጌሙ ውስጥ ዕጣ ያለበት ግዢ አለ። እነዚህ ሁለት መስመሮች በፊደሏ ላይ ምንም ለውጥ አያመጡም። አንድ ጌም የቱንም ያህል ዕጣ ቢሸጥ በዚያ ምክንያት ብቻ ከ‹ቲ› ወደ ‹ኤም› አይወጣም።

ዕጣው እንዴት እንደሚሠራ በቁጥር እንይ። ገንሺን ሲወርድ ነጻ ነው። ልጁ የሚመኛቸው ባለ 5 ኮከብ ገጸ ባሕርያት የሚገኙት ግን በዋናነት በዕጣ ነው። አንዱ ዕጣ 160 ‹ፕሪሞጄም› (የጌሙ የራሱ ገንዘብ) ይፈጃል። ባለ 5 ኮከብ የመውጣት ዕድሉ ለእያንዳንዱ ዕጣ 0.6 በመቶ ሲሆን 90ኛው ላይ ሲደርስ የግድ ይወጣል። የወጣው ግን እሱ የፈለገው ላይሆን ይችላል፤ ግማሽ በግማሽ አካባቢ ነው። ዕድል ከጠመመችበት ሌላ 90 ይጠብቀዋል። ስለዚህ አንድ ገጸ ባሕርይ በእርግጠኝነት ለማግኘት እስከ 180 ዕጣ፣ ማለትም 28,800 ፕሪሞጄም ሊያስፈልግ ይችላል። ትልቁ ጥቅል 100 ዶላር ገደማ ሆኖ 8,080 ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ግዢ ላይ 12,960። በነጻ ያጠራቀመው ባይኖር ሂሳቡ ከ300 እስከ 400 ዶላር ይመጣል፤ ለአንድ ገጸ ባሕርይ፣ ለዚያውም ለመጀመሪያው ቅጂ። ያው ገጸ ባሕርይ እስከ 7 ጊዜ ቢወጣ እየጠነከረ ስለሚሄድ ፍላጎቱ እዚያ ላይ አያበቃም።

ልጅዎ ይህን ሁሉ ላያስተውል ይችላል፤ ቢያስተውል ነው የሚገርመው። ዶላሩ መጀመሪያ ‹ጄነሲስ ክሪስታል› ይሆናል፣ እሱ ወደ ፕሪሞጄም ይመነዘራል፣ ፕሪሞጄሙ ወደ ዕጣ ኳስ ይቀየራል። ሦስት ጊዜ ከተመነዘረ በኋላ ‹አንዴ ልሞክር› ሲል ሁለት ዶላር እያወጣ እንደሆነ አይታየውም። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከተከራከረባቸው ነጥቦች አንዱ ይኸው ነበር፤ በጃንዋሪ 2025 ገንሺንን የሚያቀርበው ኩባንያ 20 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈልና ዕድሜያቸው ከ16 በታች ለሆኑ ልጆች ያለ ወላጅ ፈቃድ ዕጣ ላለመሸጥ ተስማማ። ይህ ጥበቃ ለልጅዎ የሚጠቅመው አካውንቱን ሲከፍት ትክክለኛ ዕድሜውን ካስገባ ነው። ይጠይቁት።

ዛሬ ማታ አይፓዱን ይያዙ። ሴቲንግስ ውስጥ ‹ስክሪን ታይም›ን ይክፈቱና በመጀመሪያ ፓስኮድ ያስገቡለት፤ አይፓዱን ከሚከፍተው ቁጥር የተለየ፣ እሱም የማያውቀው ይሁን። ብዙ ቤት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ወላጅ ገደቡን ያበራል፣ ፓስኮድ አያደርግበትም፣ ልጁ በነጋታው ያጠፋዋል። ቀጥለው ‹ኮንቴንት ኤንድ ፕራይቬሲ ሪስትሪክሽንስ› የሚለውን ያብሩ፣ ከሥሩ የአፕስቶር ግዢዎችን ያግኙና ‹ኢን-አፕ ፐርቸዝስ›ን ወደ ‹ዶንት አላው› ይቀይሩት። አንድ ቀዳዳ ይቀራል። ገንሺን ላይ ገንዘብ በድረ ገጽም ይሞላል፤ ሳፋሪ ውስጥ የካርድ ቁጥርዎ ከተቀመጠ ወይም ፔይፓል ተከፍቶ ከተተወ የአይፓዱ ገደብ አያቆመውም። የተቀመጡ ካርዶችን ከዚያ ይሰርዙ። ከዚያ አፕስቶር ውስጥ የግዢ ታሪኩን ይመልከቱ፤ ያልጠበቁት ነገር ካገኙ የአፕል ‹ሪፖርት ኤ ፕሮብለም› ገጽ ላይ ቶሎ ያመልክቱ። ከዚያ በኋላ አብራችሁ ጌሙን ክፈቱና ዕጣ የሚወጣበት ገጽ ላይ ‹ሂስትሪ› የምትለዋን ንኩ፤ ስንት ዕጣ እንዳወጣ በዝርዝር ታያላችሁ። ይህን ሲያዩ ባይቆጡ ይሻላል። ቁጥሩ ለእሱም አዲስ ሊሆንበት ይችላል።

ሌላው የገንሺን ጉዳይ ጊዜ ነው፤ የሚይዘውም በርዝመቱ ሳይሆን በየቀኑ በመጥራቱ ነው። በቀን 4 ትናንሽ ሥራዎች ይሰጣል፣ ሲያልቁ 60 ፕሪሞጄም። ‹ሬዚን› የሚባል ጉልበት ደግሞ በየ8 ደቂቃው አንድ እየሞላ 200 ላይ ይቆማል፤ ከዜሮ ተነሥቶ ለመሙላት 26 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይፈጅበታል። አንድ ቀን ያልገባ ልጅ የከሰረ ይመስለዋል። ‹ቤተ ክርስቲያን ከመሄዳችን በፊት አምስት ደቂቃ ብቻ› የሚለው ልመና ከዚህ ነው የሚመጣው፤ ስንፍና ብቻ አይደለም። ከሌሎች ጋር መጫወትም 16ኛ ደረጃ ላይ ይከፈታል። ማን ወደ ዓለሙ እንደሚገባ የሚወስን ፈቃድ ጌሙ ውስጥ ስላለ ‹ሳልፈቅድ ማንም አይግባ› ወደሚለው ያዙሩት። ከማያውቀው ሰው ጋር ዲስኮርድ (የመልእክትና የድምፅ መገናኛ አፕ) ላይ እንቀጥል የሚል ጥያቄ ሲመጣለት ለእርስዎ እንዲነግር አስቀድመው ይስማሙ።

አሁን ወደ ስካይሪም። በኖቬምበር 2011 የወጣ ነው። በስዊች ላይ ሲጫወቱት ብቻን ነው፤ ዕጣ የለም፣ እንግዳ ሰው የለም። አንዴ ተገዝቶ አለቀ። በዚህ በኩል ከገንሺን ይልቅ ንጹሕ ነው። በሚታየው በኩል ግን ‹ኤም› የተባለው ያለ ነገር አይደለም።

ጌሙ ሲጀምር ልጅዎ እጁ ታስሮ በጋሪ ተጭኗል። መንደሩ ሲደርሱ አንዱ እስረኛ ሊሮጥ ሲሞክር በቀስት ይወድቃል። ቀጥሎ አንድ ወታደር ግንድ ላይ አንገቱን ያስደግፉታል፤ ሰያፊው መጥረቢያውን ያነሣል፣ ራሱ ሲወድቅ ይታያል። ቀጣዩ ተረኛ ተጫዋቹ ነው፤ ሰያፊውንም ከግንዱ ላይ ሆኖ ቀና ብሎ ያየዋል። የሚያድነው ከሰማይ የወረደ ዘንዶ ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው፤ አልፋለሁ ቢሉም አይታለፍም። እሱን አይተን ‹ከዚህ የባሰ የለም› ብለን የምንዘጋው ከሆነ ደግሞ እንሳሳታለን። በአንድ እጅ የሚያዝ መሣሪያ ችሎታው 50 ሲደርስ የሚመረጥ ክህሎት አለ፤ ከዚያ ወዲያ ልጅዎ ራሱ በሰይፍ ራስ ሊቆርጥ ይችላል። የመጀመሪያውን ሰዓት ብቻ ያየ ወላጅ ይህን አያገኘውም።

ያልተፈቀደውንም ማወቅ ደግ ነው። ሕፃናትን መግደል አይቻልም። የሞተ ሰው ልብሱ ቢገፈፍም የውስጥ ልብሱ አይወልቅም። ወሲብ ነክ የተባለው በወሬና በሚነበቡ ትናንሽ መጻሕፍት ውስጥ ያለ ነው። ጋብቻ አለ፤ ተጫዋቹ ወንድም ሴትም ማግባት ይችላል፣ ይህን ከልጅዎ አፍ ቀድመው ከእኛ ቢሰሙት ይሻላል። በኮምፒውተር ቢሆን ኖሮ ሰዎች ሠርተው የሚጭኗቸው ለውጦች እርቃን ጭምር ያስገባሉ፣ እነሱን ደግሞ ደረጃ ሰጪው አያያቸውም። መጀመሪያ በወጣው ስዊች ላይ ግን ከውጭ የሚጫን የለም፤ ልጅዎ በዚህ እድለኛ ነው፣ ወይም እርስዎ ነዎት።

ባለቤትዎ ‹ጥንቆላ› ያሉትን በቀላሉ አንለፈው። ጌሙ ውስጥ ሁለት ዓይነት ነገር አለ፣ መለየት አለበት። አንደኛው ከእጅ የሚወጣ እሳትና በረዶ ነው። የሚሠራው በአዝራር ነው፤ ሰማያዊ መስመር አለች፣ እሳት በተወረወረ ቁጥር ትጎድላለች፣ ቆይታ ትሞላለች። የሚሸመደድ ድግምት የለም። ‹ፉስ ሮ ዳህ› እያለ ቤት ውስጥ ሲጮህ ቢሰሙት የዘንዶ ቋንቋ ተብሎ የተፈጠረ ቃል ነው፤ ከጆሮ በቀር የሚጎዳው የለም።

ሁለተኛው ሌላ ነው። ዊንድኸልም በሚባል ከተማ አቬንተስ የሚባል ትንሽ ልጅ አለ። ብቻውን ጨለማ ቤት ውስጥ ሻማ አብርቶ፣ በአጥንት የሰው ቅርጽ ሠርቶ፣ ጩቤ እየሰካ ይደግማል። የሚጠራው ነፍሰ ገዳዮችን ነው፤ የነበረበትን የሙት ልጆች ቤት ኃላፊ እንዲገድሉለት። ተጫዋቹን ሲያይ ‹ጸሎቴ ተሰማ› ብሎ ሥራውን ይሰጠዋል። ሴትዮዋ ክፉ ናት፣ ስለዚህ ብዙ ልጅ ሳያመነታ ይቀበላል። ይህ መተት ሲሠራ የሚያሳይ ነው፣ ከጨዋታ እሳት ጋር አንድ አይደለም፤ አባትየው ይህን አይተው ከሆነ ትክክል ናቸው። ‹ዴድራ› ከሚባሉት መናፍስት የሚመጡ ተልእኮዎችም አሉ፤ አንዷ የሞተ ሰው ሥጋ ታስበላለች፣ ሌላው ያመነህን ጓደኛ ምሰሶ ላይ አሰዋልኝ ይላል፣ ዋጋውም ልዩ ቀለበትና የጦር ልብስ ነው።

ነገር ግን እነዚህ ሁሉ በፍላጎት የሚገባባቸው ናቸው። ዋናው ታሪክ 30 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ አቬንተስን ሳያገኙ መጨረስ ይቻላል። ከነፍሰ ገዳዮቹ ጋር የጀመረ ልጅ እንኳ ተጠልፎ ‹ከእነዚህ ሦስት እስረኞች አንዱን ግደል› ሲባል ጠላፊዋን ራሷን መግደል ይችላል፤ ከዚያ ማኅበሩን ማጥፋት ተልእኮው ይሆናል። ስለዚህ ልጁን ‹ምን ገደልክ?› ብሎ መጠየቅ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ‹እምቢ ብትል ኖሮ ምን ይቀርብህ ነበር?› ብለው ይጠይቁት። ጌሙ ሕግም አለው፦ ሰው መምታት 40 ወርቅ፣ መግደል 1,000 ወርቅ ያስቀጣል፣ ካልከፈለ ይታሰራል። ግን ምስክር ከሌለ ቅጣት የለም፤ ዕዳውም ከ9ኙ ግዛቶች በተፈጸመበት ብቻ ነው የሚቆጠረው። ከ14 ዓመት ልጅ ጋር አንድ እራት ሙሉ የሚያስወራ ጉዳይ ነው።

አባትየው መስፈርታቸውን ለሁሉም እኩል ያድርጉት፤ ልጆች አድሎ ቶሎ ይገባቸዋል። ‹ጣዖት ያለበት አይገባም› ከሆነ ገንሺንም አይተርፍም፤ ሰባት አማልክት አሉት፣ ተጫዋቹ የሚፈወሰው ሐውልታቸው አጠገብ ሲቆም ነው። ከዚህ በታች የምንመክረው ዜልዳም የሴት አምላክ ሐውልት አለው፤ 4 የተሰበሰቡ ነገሮችን እየሰጡ ተጨማሪ ሕይወት ወይም ጉልበት ይቀበላሉ። መስፈርቱ ‹ክፉ ሥርዓት በእጁ እንዲፈጽም የሚጋብዝ› ከሆነ ደግሞ ከሦስቱ የሚወድቀው ስካይሪም ነው። የትኛው እንደሆነ ሁለታችሁ ብቻችሁን ወስኑና ልጁን አንድ ቃል ሆናችሁ ንገሩት።

የትርጉሙን ነገር አሁኑኑ ይፍቱት። ልጁ አስተርጓሚ ሲሆን ተከሳሹም ዳኛውም እሱ ነው። ዩቲዩብ ላይ የጌሙን ስም ጽፈው ‹ጌምፕሌይ ኖ ኮሜንታሪ› የሚል ይጨምሩበት፤ ማስታወቂያውን አይመልከቱ፣ እሱ የተመረጠ ነው። ሦስት ቦታ 10፣ 10 ደቂቃ ይበቃል፦ መጀመሪያው፣ መሐሉ፣ ከዚያ የሚያሳስብዎ ተልእኮ በስሙ። እንግሊዝኛ የሚችል የቅርብ ዘመድ አጠገብዎ ቢኖር ይጠቅምዎታል። የኢኤስአርቢ ድረ ገጽ ደግሞ ለእያንዳንዱ ጌም አንድ አንቀጽ ማብራሪያ አለው፤ በስልክ መተርጎሚያ ማንበብ ይቻላል።

የእኛ ፍርድ ይህ ነው፦ ስካይሪም 16 ዓመቱ ድረስ ይቆይ። ትልቁ ምክንያታችን ደሙ አይደለም፤ የ9 ዓመቷ እህቱ ናት። ሳሎን ካጫወቱት እርስዎ ያያሉ፣ እሷም ታያለች፤ ያ አንገት ለእሷም ይቆረጣል። መኝታ ቤት ካስገቡት እሷ ትድናለች፣ እሱ ግን ከነ አቬንተስ ጋር ብቻውን ይቀራል። ሁለታችሁ ከ16 በፊት ይሁን ካላችሁ አንድ መንገድ አለ፦ አርብና ቅዳሜ ማታ፣ ትንሿ ከተኛች በኋላ፣ ሳሎን፣ የንግግሩ ጽሑፍ (ሰብታይትል) በርቶ፣ ነፍሰ ገዳዮቹና ዴድራዎቹ ሳይነኩ።

እስከዚያው 2017 የወጣውን ‹ዘ ሌጀንድ ኦቭ ዜልዳ፦ ብሬዝ ኦቭ ዘ ዋይልድ› ይስጡት። ‹ኢ10+› ነው። ልጁ ስካይሪም ላይ የሚፈልገው አብዛኛው፣ ሰይፉ፣ ፈረሱ፣ ያየውን ተራራ ሁሉ መውጣት፣ እዚያ አለ። ጠላት ሲመታ ጭስ ሆኖ ይጠፋል፤ ዕጣ የለውም። ትንሿም ብታይ አያስጨንቅም፤ ምግብ ሲበስል ያለውን ዜማ ትወደዋለች።

ለስዊቹ የኒንቴንዶን የወላጅ መቆጣጠሪያ አፕ ስልክዎ ላይ በነጻ ያውርዱና ‹ቲ›ን አሳልፎ ‹ኤም›ን የሚያግድ አድርገው ያስተካክሉት። በኋላ ስካይሪምን ለብቻው መፍቀድ ይቻላል። ሦስት ነገር ያሳስታል። የጊዜ ገደቡ የሚቆጥረው ለመሣሪያው እንጂ ለልጁ አይደለም፤ እህቱ አንድ ሰዓት ከተጫወተች ከእሱ ይቀነሳል፣ ጸቡም ይነሣል። ሰዓቱ ሲደርስ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው የሚወጣው፤ ጌሙ እንዲቆም ‹ሰስፔንድ ሶፍትዌር› የሚለውን ለብቻው ማብራት አለብዎ። አፑ የሱቁን ግዢም አያግድም፤ እሱ በኒንቴንዶ አካውንትዎ የቤተሰብ ገጽ ላይ ነው የሚዘጋው።

‹ሰስፔንድ›ን ከማብራትዎ በፊት ግን አንድ ሳምንት በቃል ይሞክሩት። ‹ማማ፣ ሴቭ ላድርግ› ሲልዎ ዜልዳም ሆነ ስካይሪም ከሜኑው ውስጥ በማንኛውም ሰዓት ለማለት ይቻላል ሴቭ ይደረጋሉ፤ ሥራው 10 ሰከንድ አይፈጅም። ‹አውቃለሁ፣ አጠገብህ ቆሜ እጠብቃለሁ› ይበሉት።